ከአየር የተገኘ ቅዝቃዜ፦ ከአፓላቺኮላ እስከ ቤርሼቫ

በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፍሎሪዳ አፓላቺኮላ በምትባል የጥጥ ወደብ የሚኖር ጆን ጎሪ የሚባል ሐኪም ነበር። በየበጋው ወባና ቢጫ ወባ ከተማዋን ያምሷታል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ያን ጊዜ ያወቀ ሰው ስላልነበረ፣ ጎሪም እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ ጥፋቱን የሚያላክከው በሞቃትና በተበከለ አየር ላይ ነበር። ስለዚህ ከሕሙማኑ ራስጌ በላይ በረዶ የያዘ ዕቃ እያንጠለጠለ ክፍሉን ማቀዝቀዝ ያዘ። ስለ በሽታው ምክንያት ተሳስቷል፤ ትኩሳት ለሚያቃጥለው ሰው የቀዘቀዘ ክፍል እፎይታ እንደሚሰጥ ግን በትክክል ተረድቷል።

ችግሩ በረዶው ነበር። ከሰሜኑ የአሜሪካ ሐይቆችና ኩሬዎች በክረምት ተቆርጦ፣ በመጋዝ ብናኝ ተሸፍኖ፣ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ ነው። መርከቧ ከዘገየች በሽተኛው በትኩሳቱ ይቃጠላል። ጎሪ በረዶን እዚያው ሞቃቱ አገር ውስጥ ለመሥራት ቆርጦ ተነሣ፤ የሕክምና ሥራውንም ቀስ በቀስ ተወው። የመረጠው ማቀዝቀዣ የትም የማይታጣውን፣ ማንም የማይሸጠውን አየር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይበቃል፤ ጥቂት ሲነፋ የፓምፑ ጫፍ ይግላል። አየርን ለመጭመቅ የወጣው ጉልበት የትም አልሄደም፤ ሙቀት ሆኖ አየሩ ውስጥ ገብቷል። ጎሪ አየሩን በሲሊንደር ውስጥ ጨመቀና የጋለውን አየር በውኃ አቀዘቀዘው። አሁን አየሩ ግፊቱን እንደያዘ ሙቀቱን ጥሏል። ቀጥሎ ይህንኑ አየር ወደ ሁለተኛ ሲሊንደር አስገብቶ ፒስተን እየገፋ እንዲለጠጥ ተወው። አየሩ ፒስተኑን ለመግፋት ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ደግሞ ከራሱ ሙቀት ነው። ስለዚህ በጣም ይቀዘቅዛል።

የዚህ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። የታመቀ አየር በጠባብ ቀዳዳ ዝም ብሎ ቢለቀቅ ቅዝቃዜው ኢምንት ነው። የሚቀዘቅዘው የሚገፋው ነገር ሲያገኝ፣ ማለትም ሥራ ሲሠራ ነው። የሠራው ሥራም አይባክንም፤ በዘንግ ተያይዞ መጭመቂያውን መልሶ ያግዛል።

በቁጥር እንየው። የሐምሌ ቀን 35 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር እንውሰድ፤ የእስራኤሏ የበረሃ ከተማ ቤርሼቫ እንዲህ ያለ ቀን አይቸግራትም። ምንም ብክነት በሌለበት ማሽን ግፊቱ አራት እጥፍ ቢደረግ አየሩ 185 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በውጭ አየር ወደ 45 ዲግሪ ይውረድ። ከዚያ ሥራ እየሠራ ወደ መጀመሪያው ግፊት ሲመለስ ከዜሮ በታች 59 ዲግሪ ይሆናል። እሳት ከሆነው አየር፣ ያለ ምንም ኬሚካል፣ የበረዶ አገር ብርድ ወጣ ማለት ነው።

ጎሪ ግንቦት 6 ቀን 1851 በቁጥር 8080 የተመዘገበውን የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። ገንዘብ የሚያወጣለት ሸሪክ ግን በቅጡ ሳያገኝ፣ የተፈጥሮ በረዶ ነጋዴዎች ስሙን እያጠፉብኝ ነው እያለ እንደተማረረ በ1855 አረፈ። ዛሬ ሐውልቱ ዋሽንግተን በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ፍሎሪዳን ወክሎ ቆሟል። በሕይወት ሳለ የአንዱን ነጋዴ ኪስ ያህል እንኳ ድጋፍ ቢያገኝ ኖሮ የማቀዝቀዣ ታሪክ ሠላሳ ዓመት በቀደመ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ አብሮት አልተቀበረም። በ1852 ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የግላስጎው ሊቅ፣ በአየር ፍሰት ሕንፃን ማሞቅም ማቀዝቀዝም እንደሚቻል በስሌት አሳየ። በ1862 አሌክሳንደር ካርኔጊ ከርክ በስኮትላንድ ባትጌት በሚገኝ የፓራፊን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ ተከለ። ማሽኑን ወደ ዓለም ንግድ ያስገቡት ግን የግላስጎው ሥጋ ነጋዴዎች ናቸው። የቤል ወንድማማቾች ከአሜሪካ የሚያስመጡት ሥጋ በበረዶ ተሸፍኖ ይመጣ ነበር፤ በረዶው ደግሞ የመርከቡን ቦታ ይሻማል። ከኬሚስቱ ጆሴፍ ኮልማን ጋር ሆነው በ1877 ፓተንት ያወጡበት ማሽን እስከ ዛሬ በምህንድስና መጻሕፍት ቤል ኮልማን ዑደት እየተባለ ይጠራል።

በ1879 መገባደጃ ስትራትሌቨን የተባለች የእንፋሎት መርከብ የቤል ኮልማን ማሽን ተጭኖባት ከአውስትራሊያ ተነሣች። በየካቲት 1880 ለንደን ስትደርስ 40 ቶን ገደማ የበሬና የበግ ሥጋ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የምትነገረው ግን ደኒደን ናት። ይህች ባለ ሸራ መርከብ ናት፤ የምትጓዘው በነፋስ፣ ሥጋውን የምታቀዘቅዘው በእንፋሎት ነው። ማሽኑ በቀን 3 ቶን የድንጋይ ከሰል ይበላል። በኒውዚላንድ ፖርት ቻልመርስ ጭነት ላይ ሳለች የማሽኑ ዘንግ ተሰብሮ ሥራው ተስተጓጎለ፤ ተጠግኖም በየካቲት 15 ቀን 1882 ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ የታረደ እንስሳ ይዛ ወጣች። ከማሽኑ ጭስ ማውጫ የሚረግፈው ፍንጣሪ ሸራዋን ሊያቃጥል ሲቃጣ መርከበኞቹ ይሯሯጣሉ። የምድር ወገብ አካባቢ ስትደርስ ሌላ ችግር መጣ፤ ቀዝቃዛው አየር በጎተራው ውስጥ እኩል አልዳረስ አለ። ካፒቴን ጆን ዊትሰን ራሱ በአየር ማስተላለፊያው ቦይ ውስጥ በደረቱ ተስቦ ገባና ተጨማሪ ቀዳዳ መብሳት ጀመረ። ውጭ የምድር ወገብ ሐሩር፣ ውስጥ ከዜሮ በታች የሆነ ነፋስ። ብርዱ አደነዘዘው፤ ከኋላው የገባ ሰው እግሩን በገመድ አስሮ ጎትቶ ባያወጣው ኖሮ በሐሩር መካከል በብርድ ሊሞት ነበር። መርከቢቱ ከ98 ቀን በኋላ ለንደን ስትገባ ለምግብ አይሆንም ተብሎ የተጣለው አንድ ብቻ ነው።

ያ ድል ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። የአየር ማሽን ግዙፍ ነው፤ ብዙ አየር ማንቀሳቀስ አለበት። ከሰል ይፈጃል። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲቀዘቅዝ በረዶ ሆኖ ቫልቮቹንና ቦዮቹን ይደፍናል፤ መርከበኞቹ አካፋ ይዘው በረዶ ሲዝቁ ይውላሉ። በዚያው ዘመን የጀርመኑ ካርል ሊንደ የአሞኒያ ማሽን እየበረታ ነበር፤ በ1890ዎቹ ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠሩ ማሽኖች መርከቦቹን ወረሱ። እነዚህ ፈሳሽ እያተነኑ ሙቀት ስለሚወስዱ ትንሽ ፈሳሽ ብዙ ሙቀት ይሸከምላቸዋል። አየር ግን አይተንም፤ አየር ሆኖ ገብቶ አየር ሆኖ ይወጣል። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጠባ የቤል ኮልማን ማሽን ወደ ታሪክ መጻሕፍት እየገባ ነበር።

በዚሁ ጊዜ፣ በ1900፣ ኦቶማኖች በኔጌቭ በረሃ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በመጽሐፍ ቅዱሷ ቤርሳቤህ አጠገብ አዲስ የአስተዳደር ከተማ ቆረቆሩ። የዛሬዋ ቤርሼቫ ናት። የአሮጌው ከተማ የድንጋይ ቤቶች እስከ ዛሬ አሉ፤ ግድግዳቸው ወፍራም የሆነው በከንቱ አይደለም። የበረሃ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም ድንጋይ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ቀኑን ያጋምሳል። 

የአየር ማሽን ከሞት የተነሣው በ1940ዎቹ፣ በጄት ሞተር ምክንያት ነው። የጄት ሞተር ፊቱ ላይ ግዙፍ መጭመቂያ አለው፤ አየሩን ሳይጨምቅ ነዳጅ ሊያቃጥል አይችልም። መርከብ ላይ ያን ያህል ከሰል ይበላ የነበረው መጭመቂያ እዚህ ተሠርቶ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ጥቂት አየር መጥለፍ ብቻ ይበቃል። የፒስተኑን ቦታ ደግሞ መዳፍ ላይ ልትቀመጥ የምትችል፣ በደቂቃ በአሥር ሺዎች ጊዜ የምትሽከረከር ተርባይን ወሰደችው። ሎክሂድ ፒ-80 የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ ጄት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ይህን መሣሪያ ይዞ ወጣ፤ በፍጥነት የሚበር ጄት ከአየሩ ጋር በሚያደርገው ግጭት ራሱ ስለሚግል አብራሪው ያለ ማቀዝቀዣ አይቆይም። ክብደት ሁሉ ነገር በሆነበት ሰማይ ላይ ትንሿ ተርባይን አቻ አልተገኘላትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር የነበሩት ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ይህ ሁሉ አልነበራቸውም፤ ሰውነታቸው ለግፊት አልታሸገም፣ የሚበሩትም ዝቅ ብለው ነው። በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ሲመጡ የልደታው ሜዳ ስለማይችላቸው ቦሌ ተሠራ። ኢትዮጵያዊ መንገደኛም 10 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሸሚዝ ለብሶ መቀመጥ ጀመረ።

እዚያ ከፍታ ላይ ውጭው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ታዲያ ማቀዝቀዣ ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በ11 ሺህ ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ አይሞላም። ሰው እንዲተነፍሰው መጨመቅ አለበት፤ ሲጨመቅ ደግሞ ይግላል። ያ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ የሆነ አየር ለመንገደኞቹ ጓዳ የሚበቃ ግፊት እስኪያገኝ ቢጨመቅ፣ ብክነት በሌለበት ስሌት እንኳ 30 ዲግሪ ያልፋል። ከሞተሩ የሚጠለፈው ደግሞ ከዚያ በበለጠ ስለተጨመቀ ብዙ ጊዜ 200 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መንገደኛው የሚተነፍሰው አየር በቀዝቃዛ ሰማይ መካከልም መቀዝቀዝ አለበት።

ሥራው የሚሠራው በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ፣ ባለሙያዎች ፓክ በሚሉት ሳጥን ነው። የጋለው አየር መጀመሪያ የውጭ ነፋስ በሚያልፍበት ራዲያተር ይበርዳል። ከዚያ ትንሽ መጭመቂያ እንደገና ይጨምቀዋል፤ ሁለተኛ ራዲያተር ያበርደዋል፤ በመጨረሻ ተርባይኗን እየገፋ ይለጠጣል። ተርባይኗና ትንሹ መጭመቂያ በአንድ ዘንግ ላይ ናቸው፤ አየሩ ሲወጣ የሠራው ሥራ የሚገባውን አየር ይጨምቃል። የመርከቦቹን ማሽን ያስቸገረው እርጥበት እዚህም አለ፤ ስለዚህ ውኃውን ለይቶ የሚጥል ክፍል ተጨምሮበታል። እርጥበት በበዛበት የቴል አቪቭ በጋ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ከራስ በላይ ካለው ቀዳዳ እንደ ጭስ ያለ ነገር ሲወርድ አይቶ የደነገጠ መንገደኛ ብዙ ነው። ጭስ አይደለም፤ በቀዘቀዘው አየር ውስጥ የረጋ ጉም ነው።

መሐንዲሶች ሁሉ ወዲያውኑ አልተስማሙበትም። ዲሲ-8 እና ኮንቬየር 880ን የመሰሉ ቀደምት የመንገደኛ ጄቶች እንደ ቤት ፍሪጅ በፍሪዮን የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበራቸው። ፍሪዮን ግን ይተናል፣ ይሾልካል፣ ክብደቱም ይጎትታል። አየር ቢሾልክ ምን ይመጣል? እንዲህ እንዲህ እያለ አየር በአየር የሚቀዘቅዝበት መንገድ አሸነፈ፤ በ1970 አገልግሎት የጀመረው ቦይንግ 747 ሦስት ፓኮች ይዞ መጣ።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ቀንና በማግስቱ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ዘመቻ ሰሎሞን ተባለ። ሄርኩለስ የጭነት አውሮፕላኖች፣ 707ዎች፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላንም ጭምር ተሳትፈዋል። ወንበሮች ተነቅለው፣ ሰው ወለል ላይ ተደርድሮ፣ ከጎንደር ገጠር የመጡ ቄሶችና እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሕፃናት ተሸክመው ገቡ። ጊነስ የዓለም መዝገብ የአንዱን የኤል አል 747 መንገደኞች በጉዞ ላይ የተወለዱ ሁለት ሕፃናትን ጨምሮ 1,088 ብሎ መዝግቧል።

ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል፤ ተአምርነቱን አልነካም። ግን ከፓኮቹ ጎን ቆሜ ላየው እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። 1,088 ሰው ማለት ከ100 ኪሎዋት በላይ ነው፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ የኤሌክትሪክ ምድጃዎች በአንድ ክፍል ውስጥ በርተዋል እንደ ማለት ይሆናል። ግማሹን የማይሞላ መንገደኛ ታስቦ በተሠራ ጓዳ ውስጥ ያንን ሙቀትና ያንን ትንፋሽ ይዞ የወጣው፣ በምትኩም ንጹሕ አየር ያስገባው፣ የጎሪ ዑደት ነው። ስለ ዘመቻው ስንናገር አብራሪዎቹን፣ ሐኪሞቹን፣ ተደራዳሪዎቹን እናነሣለን፤ ይገባቸዋልም። ከእግራቸው በታች ትሽከረከር የነበረችው ተርባይን ግን የዚያ ሌሊት ባለውለታ ናት፤ ስሟን ያነሣ ሰው ስላላጋጠመኝ እዚህ አንሥቻታለሁ።

ከመጡት ብዙዎቹ ቤርሼቫን ቤታቸው አደረጉ፤ ዛሬ ከተማዋ በእስራኤል ካሉት ታላላቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ ናት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በከተማዋ ጫፍ ናሐል ቤቃ በተባለው የካራቫን ሠፈር የኖሩም ነበሩ። የካራቫን ግድግዳ ስስ ነው፤ እንደ አሮጌዎቹ የድንጋይ ቤቶች የሌሊቱን ቅዝቃዜ አይዝም። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ለመጣ ሰው 300 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ያለ የበረሃ ሐምሌ በራሱ ከባድ ነው።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሁለቱ የጃፓን አየር መንገዶች ቀጥሎ ቦይንግ 787ን ተረከበ። በዚህ አውሮፕላን ላይ ከሞተሩ አየር መጥለፍ ቀረ፤ የጓዳውን አየር የሚጨምቁት በኤሌክትሪክ የሚሽከረከሩ አራት መጭመቂያዎች ናቸው። ተርባይኗ ግን ከነዑደቷ አለች። ከበፊቶቹ ለውጡን የሚያውቀው ሰውነት ነው። በቀደሙት ጄቶች የጓዳው ግፊት እስከ 2,438 ሜትር ከፍታ ያለውን አየር እንዲያህል ይፈቀዳል፤ ቦሌ ራሷ 2,330 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው በአሮጌው ጄት ሲበር ከሰፈሩ አየር ብዙም አልራቀም። በ787 ግን ግፊቱ የሚያህለው ከፍታ ከ1,830 ሜትር አይበልጥም፤ የባሕር ዳርን አየር እየተነፈሰ ይጓዛል። ከቤርሼቫ የሚነሣ ሰው ልዩነቱን በጆሮውና በራስ ምታቱ ያውቀዋል።

ታዲያ ይህ አየር ለቤርሼቫ መኝታ ቤት ለምን አልሆነም? ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መዝጋን፣ በእስራኤል የቤት አየር ማቀዝቀዣ የሚጠራበት ስም ነው፣ በሌላ ፈሳሽ ነው የሚሠራው። መልሱን ቅድም ባሰላነው ቀን ላይ እናግኘው፤ አሁን ግን መጭመቂያውም ተርባይኑም 85 በመቶ ብቃት ያላቸው እውነተኛ ማሽኖች ይሁኑ። አንድ ኪሎግራም አየር ለመጨመቅ 177 ኪሎጁል ይወጣል፤ ተርባይኑ 89 ይመልሳል። የሚወጣው አየር ከዜሮ በታች 59 መሆኑ ቀርቶ 43 ይሆናል፤ 24 ዲግሪ ከሆነ ክፍል የሚወስደው ሙቀት 68 ኪሎጁል ነው። 88 ከፍሎ 68 ማግኘት ማለት ነው። ደኅና መዝጋን በ88 ከ250 በላይ ይወስዳል። የመብራት ሒሳብ የሚከፍል ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። ሰማይ ላይ ግን መጭመቂያው ቀድሞ አለ፣ ክብደት ከመብራት ይወደዳል፣ ንጹሕ አየርም በዚያው ይገባል።

ሒሳቡ የሚገለበጥበት ቦታ መሬት ላይም አለ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ኪጋሊ ላይ አገሮች የመዝጋንና የፍሪጅ ጋዞችን ለመቀነስ ከተስማሙ ወዲህ፣ ከባቢ አየርን የማይጎዳው አየር እንደገና ይፈለግ ጀምሯል። የጀርመን ፈጣን ባቡሮች፣ አይሲኢ 3 የተባሉት፣ መንገደኛቸውን በአየር ዑደት ሲያቀዘቅዙ ኖረዋል። በጃፓን ማየካዋ የተባለው ኩባንያ ቱና ዓሣ በሚከማችባቸው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ በሆኑ መጋዘኖች ውስጥ የአየር ማሽን ተክሏል። በዚያ ብርድ ውስጥ የሚተነው ፈሳሽ ግፊቱ ይሳሳል፣ መጭመቂያውም ተደራርቦ መሠራት ይኖርበታል፤ አየር ግን ከዜሮ በታች 60 ላይም ያው አየር ነው፣ መጋዘኑ ውስጥ በቀጥታ ገብቶ ሥጋውን ይነካል፣ ልክ በስትራትሌቨንና በደኒደን ጎተራ እንደነበረው።